ወንጂ፣ አንታርክቲካና የተውሶ ጆሮ

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. አርብ ማታ አዳማ ላይ ፎቅ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ያንን ሌሊት በቀላሉ አይረሳውም። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ቁምሳጥኑ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንኳኩ፤ ቀጥሎ አልጋው ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ታች ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ልጁን አቅፎ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ከፈንታሌ በኩል የመጣው ያ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ስንለምደው ከከረምነው ሁሉ ትልቁ ነው።

ከዚያ ሁላችንም ያደረግነውን ታውቃላችሁ። ስልካችንን አወጣን። «ስንት ነው? የት ነው?» ተባባልን። መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ፤ አንዱ ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ ሌላው ከጀርመኑ የምድር ሳይንስ ማዕከል። አጠገቤ የቆሙት ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያሳለፉ ሰው፣ ቁጥሩን ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ይገርማል፤ እኛ እግራችን ሥር የተነቃነቀውን ከአሜሪካ ነው የሚነግሩን?» አሉ።

ጥያቄው ሳይመለስ አብሮኝ ከረመ። የስምጥ ሸለቆውን መሬት ማን ሲያዳምጥልን ኖረ? ወጪውንስ ማን ሸፈነ? መልሱን ስፈልግ፣ ግር አይበላችሁና፣ ታሪኩ የጀመረው አንታርክቲካን ለሳይንስ በከፈተው ዘመቻ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።)

ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ያለው ጊዜ «ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ተባለ። ከ60 በላይ አገሮች ምድርን፣ ባሕርንና ሰማይን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ስልት ለመለካት ተስማሙ። ሶቪየቶች ስፑትኒክን ያመጠቁት በዚሁ ዓመት ማዕቀፍ ነው። አሥራ ሁለት አገሮች ደግሞ ወደ አንታርክቲካ ወርደው ጣቢያ ተከሉ፤ አሜሪካኖች ደቡብ ዋልታው ላይ፣ ሶቪየቶች ቮስቶክ ላይ፣ እንግሊዞች ሃሌይ ላይ። የዚያ ውጤት የሆነው የአንታርክቲካ ስምምነት በዲሴምበር 1959 ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ።

ለዚሁ ዓመት ሲባል ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ ነበር። ምክንያቱ በረዶ አይደለም፣ መግነጢስ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚያ መስመር ላይ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በሰማይ ይፈሳል። ያንን ለመለካት ከአዲስ አበባ የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። ያ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። እንግዲህ የአንታርክቲካ ጣቢያዎችና የእኛው ኦብዘርቫቶሪ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው። እድገታቸው ግን ለየቅል ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሬት መንቀጥቀጥ የአባ ጉዌን ዋና ሥራ አልነበረም። ሥራውን ያመጣው መሬቱ ራሱ ነው። በ1961 ካራቆሬ አካባቢ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ተነስቶ መጀቴ ከተማን አፈረሰ። በ1969 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈረሰች፣ ሰውም ሞተ። ካህኑ ከዚያ ወዲያ የያዙት ሥራ አስገራሚ ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የገዳማትን መዝገብ፣ የተጓዦችንና የሚስዮናውያንን ደብዳቤ አንድ በአንድ እየፈተሹ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የተነሳውን መንቀጥቀጥ ሁሉ ለቀሙ። ለምሳሌ በኦገስት 1906 ላንጋኖ አካባቢ ተነስቶ አዲስ አበባን ያናወጠውን ትልቅ መንቀጥቀጥ በዝርዝር የምናውቀው በእሳቸው ትጋት ነው። መጽሐፉ በ1979 ታተመ። ያሳተመው የካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል ነው። ከዚያ አስቀድመው በ1976 የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ስጋት ቀጠናዎች የሚያሳይ ጥናት አውጥተው ነበር። መሐንዲሶቻችን ሕንፃ ሲነድፉ ስምጥ ሸለቆውን በከፍተኛ ስጋት ክልል የሚያስቀምጡበት ልማድ ሥሩ እዚያ ነው። አዳማ ላይ የሚቆመው እያንዳንዱ ፎቅ ለአንድ ካህንና ለካናዳ ግብር ከፋይ ትንሽ ዕዳ አለበት። (ንድፉ ተከብሮ ተሠርቷል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ሌሊት ደረጃ ስወርድ ያሰብኩት እሱን ነበር።)

የመንቀጥቀጥ መለኪያውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎችን ስትዘረጋ አዲስ አበባም አንዱን አገኘች። ገንዘቡ የመጣው ከአሜሪካ መከላከያ ነው። ዓላማው የእኛን መሬት መንቀጥቀጥ ማወቅ አልነበረም፤ ሶቪየቶች ከመሬት በታች የሚያፈነዱትን ኒውክሌር መለየት ነበር። ለሌላ ጦርነት የተሰፋ ልብስ በልካችን ሆኖ ተገኘ እንጂ ለእኛ ታስቦ አልተሰፋም። ደብረ ዘይት ላይ በ1960ዎቹ የነበረው የስሚዝሶኒያን ሳተላይት መከታተያ ካሜራም እንዲሁ ነው። ለዚያው ለጂኦፊዚክስ ዓመት በተነደፈ መረብ ውስጥ ያለ፣ በናሳ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ጣቢያ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። «ወንጂ» ስንል ለእኛ ስኳር ነው፣ ሸንኮራ ነው፣ የሆላንዶቹ ኤች ቪ ኤ ነው። ለዓለም የሥነ ምድር ሰዎች ግን ወንጂ የስንጥቅ ስም ነው። በ1960ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ የነበሩት ጂኦሎጂስት ፖል ሞር፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚታየውን ወጣትና ቀጭን የስንጥቆች መቀነት «የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ» ብለው ሰየሙት። ስሙ እስከ ዛሬ በየዓለሙ መጽሔት ይጠራል። ሶደሬ ላይ የምንታጠብበት ፍል ውሃ ከዚሁ ቀበቶ ነው። ቦሰት ተራራ፣ ገደምሳ፣ ቆኔ፣ ፈንታሌ ሁሉም እዚሁ መስመር ላይ የተደረደሩ ናቸው። አዳማ መሐሉ ላይ ተቀምጣለች።

ሞር በኋላ ወደ ስሚዝሶኒያን ሄደው ነበር። ከዚያም ከ1969 ጀምሮ በብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያ ይዘው ተመለሱና ስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ላይ ነጥቦች ተክለው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። አዳማ አካባቢም ለክተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዛሬ ለካ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሰህ እንደገና ለካ፣ ሸለቆው ምን ያህል እንደሰፋ ታውቃለህ። ችግሩ «ተመልሰህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ተመልሶ ለመለካት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ሰጪ ደግሞ አዲስ ነገር እንጂ ድጋሚ ልኬት አይማርከውም። ያም ሆኖ በ1990ዎቹ አሜሪካዊው ሮጀር ቢልሃም፣ የኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ ላይከ አስፋውና ሞር ራሳቸው ያሉበት ቡድን የድሮዎቹን ነጥቦች ፈልጎ በጂፒኤስ እንደገና ለካቸው። ሸለቆው በዓመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚከፈት፣ አብዛኛው መከፈትም በዚያች በቀጭኗ ቀበቶ ውስጥ እንደሆነ ታወቀ። ይህ ቁጥር የተገኘው በረቀቀ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተተከለ ነጥብ ሳይነቀል ስለቆየ ነው።

ስለ እንፋሎቱ ብዙ አልሄድም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ባጭሩ፦ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ፍለጋው በ1969 ተጀመረ፤ ከ1981 እስከ 1985 አሉቶ ላንጋኖ ላይ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ 7.3 ሜጋ ዋት ያለው የሙከራ ጣቢያ የቆመው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ትልቁ ዘመቻ የመጣው በ2001 እና በ2003 መካከል ነው። ስሙ «ኢግል» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ንስር ማለት ነው። የሌስተር፣ የሊድስ፣ የለንደኑ ሮያል ሆሎዌይ፣ የቴክሳስ ኤል ፓሶና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የሠሩት ነው። እነ ፒተር ማጓየርና ሲንቲያ ኢቢንገር ከመሪዎቹ ነበሩ። መጀመሪያ በደርዘን የሚቆጠሩ መመዝገቢያዎች ለወራት ተተከሉ። ከዚያ በጃንዋሪ 2003፣ ማለትም በጥር 1995 ዓ.ም.፣ አንድ ሺህ ያህል ትናንሽ መሣሪያዎች በሁለት ረጃጅም መስመሮች ተዘረጉ፤ አንዱ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ሌላው ሸለቆውን አቋርጦ። መስመሮቹ የተገናኙት በአዳማና በቦሰት አካባቢ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፈንጂ ተቀበረ፤ ሲፈነዳ ሞገዱ ወደ ምድር ሆድ ወርዶ፣ ነጥሮ፣ በሺዎቹ ጆሮዎች ተሰማ። የመሬት አልትራሳውንድ በሉት።

ጋሼም ያስታውሱታል። «ፈረንጆቹ መሬት ውስጥ ድማሚት እየቀበሩ ነው ሲባል ወርቅ አገኙ ብለን ነበር» ይላሉ። ወርቅ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ቀላል አልነበረም። ሸለቆው እንደ አሮጌ ጨርቅ ዝም ብሎ እየተቀደደ እንዳልሆነ ታየ። በወንጂ ቀበቶ ሥር ከታች የወጣ ቅላጭ ድንጋይ ስንጥቁን እየሞላ፣ እየገፋ ነው የሚከፍተው። አህጉር እንዴት እንደሚሰነጠቅና ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ ለማስተማር ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚታየው ሥዕል የእኛ ሰፈር ሥዕል ነው።

ወጪውን ከሸፈኑት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ የብሪታንያ የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ካውንስልና የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን። ነገሩ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የብሪታንያን አንታርክቲካ ጥናት የሚያስተዳድረው ያው ካውንስል ነው። የአሜሪካን የአንታርክቲካ ፕሮግራም የሚመራውም ያው ፋውንዴሽን ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው፤ አወጣጡ ግን ይለያያል። ወደ ደቡብ ዋልታ የሚሄደው ቋሚ በጀት ነው፤ ጣቢያ፣ መርከብ፣ አውሮፕላን፣ ምግብ አብሳይ ሳይቀር ዓመት ከዓመት የሚከፈለው። ወደ አዳማ የሚመጣው የውድድር ድጎማ ነው፤ ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት። ድጎማው ሲያልቅ መሣሪያው ተነቅሎ፣ በሳጥን ታሽጎ ይመለሳል። መሣሪያዎቹ ከጋራ ማከማቻ የሚዋሱ ናቸውና ቀጣዩ ተረኛ ይጠብቃቸዋል።

ይህን ስል ፈረንጆቹን ለመውቀስ አይደለም። የእነሱ ግብር ከፋይ የእኛን ሸለቆ ለዘላለም የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ለአንታርክቲካ ቋሚ በጀት የሚሰጡትም ለሳይንስ ፍቅር ብቻ ብለው አይደለም። የአንታርክቲካ ስምምነት አንቀጽ 9 በግልጽ እንደሚለው፣ በአህጉሩ ጉዳይ ድምፅ የሚኖረው እዚያ ጉልህ የሳይንስ ምርምር የሚያካሂድ አገር ነው። ጣቢያ ማለት ወንበር ማለት ነው። ብሪታንያ በ1982 ከአርጀንቲና ጋር በፎክላንድ ከተዋጋች በኋላ የአንታርክቲካ ጥናት በጀቷን ከፍ አድርጋለች፤ ቴርሞሜትሩ ባንዲራም ነበርና። እዚያ የማንም ያልሆነን መሬት በምርምር ይዘውታል። እኛ ደግሞ የራሳችን የሆነውን መሬት ያለ ምርምር ይዘነዋል።

ቋሚ በጀት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ደግሞ ከሃሌይ የተሻለ ምሳሌ የለም። እንግሊዞች ለጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው በተከሉት በዚያ ጣቢያ በየዓመቱ አንድ አሰልቺ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከራስ በላይ ያለውን የኦዞን መጠን መለካት። ከሃያ ዓመት በላይ ያው ልኬት፣ ያው መዝገብ። ይህ ነገር ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ አልጠፋም ነበር። በ1985 ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን መዝገቡን ዘርግተው የኦዞን ንጣፉ በየፀደዩ እየሳሳ መሆኑን ለዓለም አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ያ ግኝት በሦስት ዓመት ድጎማ አይገኝም። የድሮው ቁጥር ከሌለ አዲሱ ቁጥር ምንም አይናገርም።

አሁን ይህንን ወደ ፈንታሌ አምጡት። ተራራው ለመጨረሻ ጊዜ ላቫ ያወጣው በ1820 አካባቢ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሲናወጥ፣ መሬት ሲሰነጠቅ፣ እንፋሎት ሲወጣ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋር፣ የኦሮሚያና የአማራ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። የከሰም ግድብ ምን ይሆን ይሆን ተብሎ ስንት ሌሊት ታደረ። ታች ቅላጭ ድንጋይ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ በግልጽ ያሳየን ምንድነው? የአውሮፓ ሳተላይት። ሴንቲኔል የሚባለው ሳተላይት መሬቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተነሳና እንደወረደ ከሰማይ ለካልን፤ ሥዕሉ ለሁሉም በነፃ የተለቀቀ ነው፣ ወጪው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ከዚያም በፊት አሉቶ በ2004 እና በ2008 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱን ያወቅነው በአውሮፓ ሳተላይት ነው፤ ዝዋይ ዳር ያለ ዓሣ አጥማጅ በሰዓቱ ምንም አልሰማም።

ሳተላይት ግን የሚያየው በየተወሰነ ቀኑ ሲያልፍ ነው። ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ ስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፣ ወዴት እየሄደ ነው የሚለውን በትክክል የሚነግረው ቅርብ የተተከለ መሣሪያ ነው። ርቆ ያለ ጣቢያ ጥልቀቱን ይስተዋል። ያን ሰሞን በአገር ውስጥ ያለውን መረጃ አሰባስበው ለሕዝቡ ሲያስረዱ የከረሙት እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የኢንስቲትዩቱ ሰዎች ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ ሁሉም «ይፈነዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። ስንት መሣሪያ አላችሁ፣ ባትሪውን ማን ይቀይራል፣ ለመስክ መኪናው ነዳጅ አለ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ጋዜጠኛ ግን እኔ አልሰማሁም።

የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉ ከተስማሙ ቆይተዋል። የእኛ በ2013 0.6 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2017 ከ0.3 በመቶ በታች ወርዷል። ከዚያች ላይ ግብርናው፣ ጤናው ቀድሞ ይወስዳል፣ መውሰዱም ተገቢ ነው። የቀረው ተከፋፍሎ ለመስክ ሥራ የሚደርሰው የቀን አበልና ነዳጅ ነው። «ድሃ አገር ነን፣ ከዚህ በላይ ከየት ይምጣ?» የሚል ሰው አለ፤ ክርክሩን አልንቀውም። ግን እኛ የምንፈልገው መርከብና የበረዶ አውሮፕላን አይደለም። በትምህርት ቤትና በጤና ኬላ ግቢ የሚቀበር፣ በሶላር የሚሠራ፣ ጥበቃው የሚጠብቀው፣ በስልክ ኔትወርክ መረጃ የሚልክ መሣሪያ ነው። ከመተሐራ እስከ ሐዋሳ ያለው ሸለቆ በአስፋልት የሚደረስ ነው። አዳማ ላይ ደግሞ ሥነ ምድር የሚያስተምር የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪው ቀበቶው ላይ ተቀምጦ ስለ ቀበቶው ይማራል። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ፣ የስኳር ፋብሪካ፣ የባቡር መስመር፣ የፍጥነት መንገድ፣ ግድብ ያቆምነው በዚሁ ሸለቆ ነው። ይህን ሁሉ ስንገነባ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ትንሽ ተቆርጦ ለመሬቱ ጆሮ ይዋል ያለ አልነበረም። የስልክ ማማ ስንተክል አንዱን ጥግ ለመመዝገቢያ እናውል ብሎ ማሰብ ራሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ቀጣዩ የውጭ ድጎማ መምጣቱ አይቀርም። ከ2014 ጀምሮም «ሪፍትቮልክ» የሚባል ሌላ የብሪታንያ ገንዘብ ያለበት ጥናት መጥቶ የአሉቶን፣ የኮርቤቲን፣ የቦራን እሳተ ገሞራዎች አጥንቶ ሄዷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ፈንታሌ አሁን የዓለምን ዓይን ስለሳበ ሌላም ይከተላል። እኔ የምለው፣ በሚቀጥለው ውል ላይ የእኛ ወገን ቁጭ ሲል አንድ መስመር ያስገባ፦ ከተተከሉት መሣሪያዎች ይህን ያህሉ ሲያልቅ እዚሁ ይቀራል፣ የጥገናውን ወጪ ደግሞ እኛ እንችላለን። ሁለተኛው ሐረግ ከሌለ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም፤ ባትሪው የሞተ መሣሪያ ግቢ ውስጥ ዝገት ከመሆን አያልፍም።

በጥር 1995 ዓ.ም. በአዳማ፣ በወለንጪቲ፣ በሞጆ ወይም በአርሲ በኩል ከፈረንጆቹ ጋር ሽቦ የጎተታችሁ፣ መሣሪያ የጠበቃችሁ ወይም ፍንዳታውን የሰማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጋሼ አንድ ሳጥን የተቀበረበትን ቦታ አውቃለሁ ብለውኛል፤ ከፋሲካ በኋላ አብረን ሄደን እናየዋለን።